መስመር ላይ ሰው ካለ ይታወቅ

ስሜን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ከመጀመሪያው ያልነገርኳችሁ ለምን እንደሆነ እዚያ ስንደርስ ይገባችኋል። ለአሁኑ የዕድሜዬን አብዛኛውን ክፍል በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሬዲዮ ስልክ ሥራ ያሳለፍኩ፣ በጡረታ ስሰናበትም የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት የተሸለምኩ ሰው መሆኔን ብቻ ያዙልኝ። መንፈስ፣ ጥላ፣ የሐይቅ ጌታ የሚባለውን ወሬ በልጅነቴም አልፈራሁትም፣ ካደግሁም በኋላ ሰሚ እንጂ አማኝ አልነበርኩም፣ ጎረቤት ጣራዬ ላይ ኮቴ ሰማሁ ብሎ ሲመጣ ‹‹የቆርቆሮው ምስማር ጠብቋል?›› ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ ሬዲዮ ያስተማረኝም ይህንኑ ነው፣ ድምፅ ሁሉ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የላላ ብሎን ነው። እንዲህ የሚል ሰው የሚከተለውን ታሪክ መጻፉ ለራሴም አይመቸኝም፣ ግን የሆነው ሆኗል፣ እኔም በሆነበት ቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ።

ሞባይል ከመምጣቱ በፊት፣ የስልክ ሽቦ ያልደረሰላቸው የደቡብ ከተሞች ከሀዋሳ ጋር የሚነጋገሩት በሬዲዮ ነበር። እኔ የማዕከላዊው ጣቢያ ኦፕሬተር፣ በኋላም ኃላፊ ነበርኩ። ሬዲዮ እንደ ስልክ የሁለት ሰዎች ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፣ አንዱ ጣቢያ ሲናገር የቀሩት ሁሉ ይሰማሉ፣ አንዲት ሴት ልጇ ሆስፒታል መተኛቱን ለባሏ ስታስነግር፣ የማታውቃቸው ኦፕሬተሮች በየተራራው ተቀምጠው አብረዋት ይደነግጣሉ። በዚህ የተነሳ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች አንድ ጨዋነት አውርሰውን ነበር፤ ሳይታወቁ መስማት ነውር ነው የሚል። መልእክት ከመጀመሩ በፊት፣ መስመሩም ከመዘጋቱ በፊት፣ ተናጋሪው ‹‹መስመር ላይ ሰው ካለ ይታወቅ›› ይላል፤ የሚያዳምጥ ካለ አፉን ሳይከፍት የመናገሪያውን መጫኛ ሁለት ጊዜ ይነካል፣ ጠቅ ጠቅ፣ አለሁ ማለት ነው። ትቶ ሲሄድ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል። እመኑኝ፣ ከዚያች ጠቅታ ብቻ የማን እጅ እንደሆነች እናውቅ ነበር፣ አንዱ ጥድፊያ አለበት፣ ሌላው በሁለቱ መካከል ትንፋሽ ይወስዳል፣ አካሄድ እንደሚለያይ ሁሉ እጅም ይለያያል።

ማታ ማታ ደግሞ ስም ጥሪ ነበረን። ማዕከሉ የጣቢያዎቹን ስም ከላይ እስከ ታች ይጠራል፣ የተጠራው አንድ ጊዜ ነክቶ ይሰናበታል፣ በመጨረሻም ጠሪው የራሱን ሙሉ ስም ተናግሮ መስመሩን ይዘጋል። ያን ስም ጥሪ ወረቀት ሳልይዝ በቃሌ እወጣው ነበር። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ አለቆቼ ‹‹እስቲ በቃልህ ጥራቸው›› ይሉኝ ነበር፣ እጠራቸዋለሁ፣ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ሬዲዮ ስልኩ ቀርቶ ማሽኖቹ ወደ ግምጃ ቤት ከገቡ በኋላ እንኳ፣ ፊቴን ስላጭ፣ ሐይቁ ዳር ስንሸራሸር፣ በልቤ እጠራቸው ነበር። ሰው በልጆቹ ይኮራል፣ በቤቱ ይኮራል፤ እኔ በዚያ እኮራ ነበር።

ብሩክታይት የታናሽ እህቴ ልጅ ናት፣ እናቷ ካረፈች በኋላ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነው ያደገችው። ታሪኩ በሆነበት ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ ጥቂት የቀራት ተማሪ ነበረች። ዘመኑ፣ ታስታውሱት እንደሆነ፣ በየቢሮው አንድ ለአምስት ተደራጁ የሚባልበት፣ ልማታዊ የሚለው ቃል ከየትኛውም ስብሰባ የማይጠፋበት፣ ሰው በስልክ እያወራ ጎላ ያለ ነገር ከመጣ ‹‹እሱን ስንገናኝ›› ብሎ የሚያልፍበት ነበር። ስለዚህ ልጅቷ አንድ ቀን ምሳ ላይ ‹‹አጎቴ፣ የምሠራው ማንም ተደብቆ ሊሰማው የማይችል መስመር ነው›› ስትለኝ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ተነስቼ መስኮቱን መዝጋት ነው።

‹‹ኧረ አጎቴ! ሳይንስ እኮ ነው!›› ብላ ሳቀች።

‹‹ሳይንስም ቢሆን ቀስ ብለሽ ተናገሪው። ደግሞስ ማንም የማይሰማው እንዴት ይሆናል? የሬዲዮ ነገር አየር ላይ የበተንሽው ነው፣ አንቴና ያለው ሁሉ ይለቅመዋል።››

‹‹ለዚህ እኮ ነው ሁለቱን የማጋባቸው›› አለችና ሁለት ማንኪያ አንስታ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ‹‹ይሄኛው ተራው ሬዲዮ ነው፣ ወሬው በእሱ ይሄዳል፣ ግን ተቆልፎ። ቁልፉ ደግሞ በዚህኛው ይሄዳል፣ በብርሃን፣ አንድ አንድ ቅንጣት እየሆነ። ኳንተም የሚሉት ይሄ ነው። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ለሁለት አትከፈልም፣ አትገለበጥምም። መሃል ላይ የተቀመጠ አዳማጭ ሊሰማት ከፈለገ መያዝ አለበት፣ ከያዛት ደግሞ የለችም፣ ስለዚህ በምትኳ የራሱን ይልካል። ተቀባዩ ከእርስዎ፣ ከላኪው፣ የመጣች ይመስለዋል። ነገር ግን አዳማጩ እየገመተ ስለሚልክ ይሳሳታል፣ ስህተቱን ስንቆጥረው ከአራቱ አንዱ ይሆናል። ከአራቱ አንዱ ተበላሽቶ ካገኘሁ፣ መስመር ላይ ሰው አለ ማለት ነው።››

‹‹ወዶ ባይነካም ይታወቃል በይኛ።››

‹‹ሳይወድ በግዱ!››

ይህ በጣም ደስ አሰኘኝ። እኛ በፈቃዳችን የጠበቅነውን ጨዋነት ተፈጥሮ ራሷ ሕግ አድርጋው ኖሯል ብዬ፣ ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

መሣሪያው የውሰት ነበር፤ በአማካሪዋ በኩል ከውጭ አገር የመጣ፣ ቀኑ ሲደርስ ታሽጎ የሚመለስ። የብርሃን ቅንጣቶቹ እንዲለዩ ጨለማ ያስፈልጋል፣ እሷ ያገኘቻቸውን ምሽቶች ደግሞ ግማሹን ዝናብ፣ ግማሹን የመብራት መጥፋት በላባትና በማግስቱ ጠዋት መሣሪያው ሊታሸግ አንድ ምሽት ብቻ ቀረ። በዚያች ምሽት ንጹሕ ውጤት ካላገኘች የድካሟ ሁሉ መጨረሻ ባዶ ወረቀት ነው፣ ዲግሪው ይቀራል፣ የተያዘላት የመምህርነት ቦታም ለሌላ ይሰጣል። እህል በአፏ ከዞረ ሰንብቶ ነበር። እኔን የፈለገችኝ ለትንሽ ነገር ነው፤ የሞባይሉ ኔትወርክ ስለማይታመን፣ ከሐይቁ ማዶ ተቀባዩን መሣሪያ ይዞ ከሚጠብቀው የክፍል ጓደኛዋ ከታምራት ጋር በእጅ ሬዲዮ እንዳገናኛት። ለሬዲዮ ማን ይሻላል ብላ ነው፣ እኔም ኮቴን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ ሄድኩ።

ቦታው አሞራ ገደል፣ ከአሳ ገበያው ከፍ ብሎ፣ አንድ የማውቃቸው ነጋዴ ጀምረው ያላስጨረሱት ፎቅ ጣራ ነበር። ስንወጣ ፀሐይ ጠልቃለች፣ የአሳ ሾርባ ሻጮቹ ድስታቸውን እየሰበሰቡ ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊያቸውን ጠግበው በዛፎቹ ጫፍ ላይ እንደ ስብሰባ ተቀምጠዋል፣ ሐይቁ የእርሳስ ቀለም ይዞ ማዶው ከሰማዩ አይለይም። ብሩክታይት ላኪውን መሣሪያ በእግሮቹ ላይ አቆመች፣ አፉን ወደ ማዶ አዞረች፣ ኮምፒውተሯን በሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀመጠች። እኔ የእጅ ሬዲዮውን ከፈትኩ።

‹‹ሄሎ፣ ሄሎ፣ ብሩክቲ፣ ይሰማል?›› አለ ታምራት።

‹‹ይሰማል። ሄሎ ብሎ ነገር የለም፤ አስቀድመህ የጣቢያህን ስም ተናገር።››

‹‹ይቅርታ ጋሼ! ጣቢያ ወባ እባላለሁ። ትንኞቹ በልተው ጨርሰውኛል፣ የቀረው ጫማዬ ብቻ ነው።››

ብሩክታይት ከሰነበተባት ጭንቀት መካከል ሳቀች፣ እኔም ሥርዓት ቢጎድለውም ልጁን ወደድኩት። ሁለቱ መሣሪያዎች እስኪተያዩ ድረስ ‹‹ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ›› ስንባባል ቆየን፣ በመጨረሻ በኮምፒውተሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ወደ ታች ወርዳ ተኛች። ስህተቱን የምታሳየው እሷ ናት፣ መተኛቷ ጤና ነው።

‹‹ንጹሕ ነው! አጎቴ፣ ንጹሕ ነው!›› ብላ አጨበጨበች። ‹‹በቃ፣ አሁን ሬዲዮውን ይዝጉት፣ ቁልፉ ተሠርቶ እስኪያልቅ ወሬ አያስፈልገንም።››

እንግዲህ ልብ በሉ። መዝጋት ማለት ለእሷ ጣትን ከመጫኛው ማንሳት ነው። ለእኔ ግን መስመር ሲዘጋ ሥርዓት አለው፣ አፌም እጄም ያለ እሱ መዝጋት አያውቁበትም፣ ስንት ዘመን የሠራሁበትን ነገር ሳላስበው አወጣሁት፣

‹‹መስመር ላይ ሰው ካለ ይታወቅ።››

ጠቅ ጠቅ።

ፈገግ አልኩ። ‹‹ታምራት፣ ይህን ማን አስተማረህ?››

‹‹ምኑን ጋሼ?››

‹‹ሁለት ጊዜ የነካኸውን።››

‹‹እኔ? እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሬዲዮው ድንጋይ ላይ ነው ያለው። ኧረ ትንኝ ካልነካው በቀር!››

ልመልስለት ስል ብሩክታይት ክንዴን ያዘችኝ። አረንጓዴዋ መስመር ተነስታለች። ዝም ብላ አልዘለለችም፣ እንደ ሰው ተነስታ፣ ቀይ ሆና፣ አንድ ከፍታ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲያ አልወጣችም፣ አልወረደችም።

‹‹ስንት ነው?›› አልኳት።

‹‹ከአራቱ አንዱ›› አለችኝ በሹክሹክታ።

ልጅቷን ሥራዋን የምታውቅ በመሆኗ ላመሰግናት ይገባል፣ አልጮኸችም፣ አልጸለየችምም፣ መመርመር ጀመረች። ከሐይቁ ላይ ጭጋግ ተነስቶ ይሆን? ጭጋግ ብርሃኑን ያሳንሰዋል እንጂ በዚህ ልክ አያሳስተውም። የአሳ አጥማጅ ፋኖስ ይሆን? ባዕድ ብርሃን ሲገባ ስህተቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እንዲህ አይቆምም። ጀልባ መንገዱን ዘግቶ ይሆን? ቢዘጋው ምንም አይደርስም ነበር። መሣሪያውን አጠፋች፣ አበራች፣ ገመዶቹን ነቅላ ሰካች፣ እኔም በጨለማው ሐይቅ ላይ ዓይኔ እስኪያብጥ አፈጠጥኩ፣ አንዲት ታንኳ እንኳ አልነበረችም፣ ከሩቅ የጉማሬ ማጉረምረም ብቻ ይሰማል።

‹‹ምን ተፈጠረ?›› አለ ታምራት።

‹‹ስህተቱ አዳማጭ ሲኖር የሚሆነውን ነው የሚያሳየው›› አለችው።

‹‹ጆሮ ጠቢ? ሐይቅ መሃል? እነሱማ እንደሚዋኙ አላውቅም ነበር!››

‹‹ታምራት! አፍህን ዝጋ!››

‹‹እሺ እሺ። አንድ ለአምስት ተደራጅተን ነው የመጣነው በያቸው።››

ሳቅ አልመጣልንም። ደግሜ፣ አሁን አውቄ፣ ‹‹መስመር ላይ ሰው ካለ ይታወቅ›› አልኩ። ጠቅ ጠቅ። ታምራት ሬዲዮውን አጥፍቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ እንዲከፍተው ነገርኩት፣ አጠፋ፣ ጠብቄ ጠየቅሁ። ጠቅ ጠቅ። በዚያ ሁሉ መሃል ከማንኛውም ነገር ይልቅ ያስጨነቀኝን ልንገራችሁ፤ እጁን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዋ ትንሽ ትረዝማለች፣ ሁለተኛዋ ቆራጥ ናት፣ በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት እንግዳ አይደለችም። የማውቃቸውን ኦፕሬተሮች ሁሉ በልቤ አሰለፍኩ፣ የሞቱትንም ያሉትንም፣ አንዱም አልገጠመም። የራሳችሁን ድምፅ በቴፕ ስትሰሙ፣ የማን እንደሆነ ለመለየት ለአፍታ እንደሚቸግራችሁ፣ እንዲያ ነበር የሆንኩት። ያን ጊዜ ግን ይህ ማነጻጸሪያ አልመጣልኝም።

ብሩክታይት ጣራው ላይ ተቀመጠች። ‹‹በቃ አለቀ›› አለች። ‹‹መሣሪያው ጠዋት ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የመጣውን ንጹሑን ቆርጬ፣ ሌላውን ደብቄ ላቅርብ እንዳልል፣ እሱ ውሸት ነው። አጎቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? መስመሬ ላይ ሰው ነበር ብዬ ልጻፍ?››

እናቷን መሰለችኝ። እህቴ እንዲህ ጉልበቷን አቅፋ ነበር የምታዝነው። ያን ጊዜ ነው፣ ማን እንደሆነ ማወቅ ትቼ፣ በሥርዓቱ ላሰናብተው የወሰንኩት። ሁለት ጊዜ የነካ ሰው ሥርዓቱን ያውቃል ማለት ነው፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ ደግሞ በሥርዓት ሲሰናበት ይሄዳል፣ አይደለም እንዴ?

‹‹መስመር ላይ ያሉ፣ መስመሩ ለሥራ ይፈለጋል፣ ይልቀቁልን›› አልኩ። ጠቅ ጠቅ። ደግሜ ለመንኩ። ጠቅ ጠቅ። ከዚያ ገባኝ። የምሽት መስመር በልመና አይለቀቅም፤ ኦፕሬተር የሚሄደው ስሙ ሲጠራ ነው።

ታምራት ሬዲዮውን መልሶ ሲከፍት ዝም ብሎ እንዲጠብቅ፣ ምንም ቢሰማ እንዳይመልስ ነገርኩት። ክራባቴን አስተካከልኩ፣ ለምን እንዳስተካከልኩ አትጠይቁኝ፣ ጨለማ ነበር። ‹‹ማዕከል ለሁሉም ጣቢያዎች፣ የምሽት ስም ጥሪ›› አልኩና ጀመርኩ። ይርጋለም። ዝምታ። አለታ ወንዶ። ዝምታ። ዲላ። ዝምታ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ስጠራ፣ ጠቅ ጠቅ። ቀጠልኩ። ሶዶ፣ ቦዲቲ፣ አርባ ምንጭ፣ ጂንካ፣ ዝም ያለበትን ዝም፣ የነካበትን እየነካ፣ እኔም በእያንዳንዱ መካከል ድሮ የምጠብቀውን ያህል እየጠበቅሁ። አንዳንዱ ስም ላይ ለምን እንደሚነካ፣ ሌላው ላይ ለምን እንደማይነካ ሥርዓቱ አልገባኝም፣ ግን እያንዳንዱን ስም ሙሉ በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳልዘል እንደጠራሁ እርግጠኛ ነበርኩ። ድምፄ የጡረተኛ ድምፅ አልነበረም። በእውነቱ፣ ብናገረው ይቅር በሉኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ጣቢያ አለቀ። ቀይዋ መስመር እዚያው ቆማለች። የቀረው የጠሪው ስም ነው፤ ሙሉ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ተናገርኩ።

ጠቅ ጠቅ። ይህችኛዋ ፈጠን ብላ መጣች፣ ሲጠብቋት የነበረች ይመስል።

‹‹መስመሩ ተዘግቷል›› አልኩ።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠቅ።

አባ ኮዳዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከዛፎቹ ተነሱ፣ እነዚህ ወፎች በጨለማ አይበሩም፣ ክንፋቸው ከራሳችን በላይ እንደ ብርድ ልብስ ሲራገፍ ሰማን፣ ብሩክታይትም ‹‹ወረደ!›› ብላ ጮኸች። መስመሯ አረንጓዴ ሆና ተኝታለች። ከዚያ በኋላ ማንም ቃል አልተናገረም። ማሽኑ ሥራውን ሠራ፣ ቁልፉ ተሠራ፣ ንጹሕ ሆኖ አለቀ፣ ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ኮቴን በእንባ አረጠበችው።

ሬዲዮውን ለመሰናበት ብቻ ከፈትኩት። ታምራት ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

‹‹ጋሼ፣ አልቋል ተብዬ ነው የምናገረው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ያንን የከተሞች ስም ለምን ሁለት ጊዜ አነበቡት?››

‹‹አንድ ጊዜ ነው የጠራሁት።››

‹‹ሁለት ጊዜ ነው ጋሼ። አንዱ አልቆ ‹ተዘግቷል› ካሉ በኋላ እንደገና ከይርጋለም ጀመሩ። ያው የእርስዎ ድምፅ ነው።››

ብሩክታይት ሬዲዮውን ከእጄ ወሰደችው። ‹‹ታምራት፣ እኔ እኮ አጠገባቸው ነኝ። አንድ ጊዜ ነው።››

‹‹እኔ ምን አገባኝ፣ እዚህ ብቻዬን ተቀምጬ ከጆሮዬ በቀር ምን ሥራ አለኝ? ሁለተኛው እንደውም የተሻለ ነበር፣ ጥርት ያለ። የመጀመሪያው ላይ በየመሃሉ ይዘሉ ነበር፣ ‹ዲላ› ይሉና ዝም፣ ከዚያ ወደ ሌላ። መጨረሻ ላይም ሁለተኛው ነው ስማቸውን የተናገረው። የመጀመሪያው ዝም ብሎ ነው የዘጋው።››

መሣሪያዎቹን ሰብስበን ወረድን። እራት ላይ ባለቤቴ ‹‹ተሳካላችሁ?›› ብላ ጠየቀች፣ ብሩክታይት ‹‹ተሳካ›› አለች፣ እኔም ተሳካ አልኩ።

ተሳክቶም ነበር። ጽሑፏ ተመሰገነ፣ የሆነውን ስህተት ሳትደብቅ ‹‹ምክንያቱ ያልታወቀ መስተጓጎል›› ብላ አሰፈረችው፣ ዛሬ መምህርት ናት፣ ታምራት ደግሞ ወደ አዳማ ሄዶ ሥራ ይዟል፣ ስለዚያ ምሽት ሲጠየቅ ርዕስ ይቀይራል አሉ።

እኔ ጉድለቱን ያወቅሁት ከጊዜ በኋላ፣ ፊቴን ስላጭ ነው። እንደ ልማዴ በልቤ መጥራት ጀመርኩ፣ ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ ዲላ፣ ከዚያም ጣቢያው ያለበት ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። እረፍት አድርጌ እንደገና ከላይ ጀመርኩ፣ ያው ነው። ጥርስ የወለቀበት ድድ ላይ ምላስ ሲያርፍ እንደሚሰማው ያለ ስሜት አለው። ካርታ ገዝቼ ተመለከትኩ፣ በዚያ አካባቢ ያሉትን ከተሞች ሁሉ አነበብኩ፣ ከእነሱ አንዱ መሆን አለበት፣ ግን የትኛውንም ጠርቼው የማውቅ አልመስለኝ አለ። ሌላ ቦታ ላይም እንዲሁ፣ ሌላም ቦታ ላይ። የጠፉትን ከተረፉት ጋር አስተያየሁ፣ የትኛው ድርሻ እንደጠፋ እናንተም ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ ዕድሜ ነው አለች፣ ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጸለየልኝና እሱም ሲወጣ ዕድሜ ነው አለ። ሦስቱንም አከብራለሁ። ዕድሜ ግን እንዲህ እየለካ ይወስዳል?

አንድ ቀን ጡረታዬን ልቀበል በመስኮቱ ፊት ቆሜ ነበር። ሠራተኛዋ ቀና ሳትል ‹‹ስምዎ?›› አለችኝ። አፌን ከፈትኩ።

‹‹አባባ? ስምዎን እኮ ነው የጠየቅኩት። ሰልፉ ረጅም ነው።››

መታወቂያዬን አውጥቼ በመስኮቱ አሳለፍኩላት። እሷ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ጥሩ ስም ነው። ሰው ሁሉ በዚያ ስም ይጠራኛል፣ ብሩክታይትም የእርስዎ ነው ትለኛለች፣ እኔም አምኜ እፈርማለሁ። እነግራችኋለሁ ያልኳችሁ እሱን ነበር፣ ነገር ግን አሁን ብጽፈው ከካርድ ላይ ገልብጬ ነው የምጽፈው፣ ገልብጦ የጻፉት ደግሞ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ተነጋግረናል።

በቅርቡ ብሩክታይት ልትጠይቀን መጥታ ሳለ፣ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን፣ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። ‹‹ያ መሃል የሚቀመጠው አዳማጭ ቅንጣቷን ይዞ በምትኳ የራሱን ሲልክ፣ የመጀመሪያዋ የት ትሄዳለች?››

በእጇ የነበረውን ሲኒ አስቀመጠች። የጠየቅኳት ስለ ፊዚክስ እንዳልሆነ ገብቷታል።

‹‹የትም አትሄድም አጎቴ›› አለችኝ በመጨረሻ። ‹‹የመጀመሪያዋ የለችም። ማዶ የሚደርሰው የአዳማጩ ነው።››

የእጅ ሬዲዮውን ባትሪውን አውጥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ከዚያ ምንም ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም፣ በዚህ በኩል የምላችሁ የለኝም። የምላችሁ ሌላ ነው። ወደ ማታ ሐይቁ ዳር ስንሸራሸር፣ የድሮ ሰው ከሩቅ አይቶ በስሜ ይጣራል፣ እኔም ዞር እላለሁ። እመኑኝ፣ የምዞረው መልስ ለመስጠት አይደለም። አቤት የሚለው ማን እንደሆነ ለማየት ነው።